የጋሽ ደርቤ ፊልም የማን ነው?

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚያንኮራፋ ካለ ከአሁኑ ይውጣ!

አሰላ ከተማ ውስጥ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ጋሽ ደርቤ አንድ ፊልም ላይ ዘበኛ ሆነው ተወኑ፤ ፊልሙ አሰላ ሳይደርስ ሞቱ። የእትዬ ዘነቡም ዓይን እየደከመ ሄደ፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሏቸዋል። «ዓይኔ ሳይጠፋ ባሌን አንዴ ልየው» አሉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ሲኒማ ቤት ሄዱ። ኃላፊው «እኔ ምን ከፋኝ እትዬ! አከፋፋዩ ፊልሙን ይስጠኝና ላሳይ» አላቸው። አከፋፋዩ ካልሰጠ ሲኒማ ቤቱ አያሳይም፤ ሲኒማ ቤቱ ካላሳየ እትዬ ዘነቡ ባላቸውን አያዩም። «እሱ ዘንድ እሄዳለኋ!» አሉና አዲስ አበባ ገቡ።

አከፋፋዩ «ፊልሙን የሠራው አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ነው፤ መብቱ የእሱ ነው፤ ይፈርምልኝ» አለ። ትንሹ ካልፈረመ አከፋፋዩ አይሰጥም፤ አከፋፋዩ ካልሰጠ ሲኒማ ቤቱ አያሳይም፤ ሲኒማ ቤቱ ካላሳየ እትዬ ዘነቡ ባላቸውን አያዩም።

የትንሹ ስቱዲዮ ሰውዬ ቆሞ ተቀበላቸው። «እናቴ፣ ከትልቁ ስቱዲዮ ጋር ተዋህደናል። መብቱም፣ ማኅተሙም፣ ወንበሩም ወደዚያ ሄዷል። ሳይፈቅድልኝ አልፈርምም።» ተዋጥን ማለት አፍሮ ነው እንጂ ምን ውህደት አለ! ትልቁ ካልፈቀደ ትንሹ አይፈርምም፤ ትንሹ ካልፈረመ አከፋፋዩ አይሰጥም፤ አከፋፋዩ ካልሰጠ ሲኒማ ቤቱ አያሳይም፤ ሲኒማ ቤቱ ካላሳየ እትዬ ዘነቡ ባላቸውን አያዩም።

የትልቁ ስቱዲዮ ሥራ አስኪያጅ ዘናጭ ወጣት ናት። «እማማ፣ ክፍል አንድና ሁለትን አብረን ነው የምናወጣው። ዳይሬክተሩ ሁለተኛውን ሳይቀርጽ አልፈቅድም» አለች።

«እማማ፣ እግርዎ አብጧል እኮ፤ ቢያርፉ?» አለች ደግሞ።

«ይበጥ! ዳይሬክተሩ የት ነው ያለው?»

ዳይሬክተሩ አዲስ ነው፤ የድሮውን ውህደቱ አባሮታል። «ምን ላድርግ!» ብሎ ጮኸ። «ክፍል አንድ የተቀረጸበት ቤት ተቆልፎብኛል። ሰውና ካሜራ ጭኜ ሄድኩ፤ ባለቤቲቱ የሉም። ጎረቤቶቹ ‹የሞተ ባሏን ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዳለች› አሉኝ።»

«ቤቱ የት ነው?»

«አሰላ።»

አቤት! ስሙልኝ እንግዲህ። ቤቱ ካልተከፈተ ዳይሬክተሩ አይቀርጽም፤ ዳይሬክተሩ ካልቀረጸ ትልቁ አይፈቅድም፤ ትልቁ ካልፈቀደ ትንሹ አይፈርምም፤ ትንሹ ካልፈረመ አከፋፋዩ አይሰጥም፤ አከፋፋዩ ካልሰጠ ሲኒማ ቤቱ አያሳይም፤ ሲኒማ ቤቱ ካላሳየ እትዬ ዘነቡ ባላቸውን አያዩም።

እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። ከመቀነታቸው ቁልፍ ፈትተው አወጡና «ባለቤቲቱ እኔ ነኝ! ቁልፉም ይኸው! ባሌን ሳላይ ግን በሬ አይከፈትም። ወይ ፍንክች!» አሉ።

ያኔ ዳይሬክተሩ ትልቁን ለመነ፤ ትልቁ ፈቀደ፤ ትንሹ እንደቆመ ፈረመ፤ አከፋፋዩ ሰጠ፤ ሲኒማ ቤቱ አሳየ!

አዳራሹ ጨለመ። ጋሽ ደርቤ ካፖርታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። የገዛ ቤታቸውን በር ይዘው «ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ዘነቡ ከፊት ወንበር ተነሡ። «እኔ ነኝ ደርብዬ! መጣሁ፤ አየሁህ!»

ዝም በሉ ያላቸው ሰው የለም። እኔም ጨረስኩ፤ ምላሴ ደርቋል፣ ውሃ አቀብሉኝ።