ያልሳቀው ክፍል

አንድ አስተማሪ ነበረ፤ ጠመኔ የማይጨብጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ።

ጋሽ ዘውገ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሚያዳምጣቸው ይበልጣል የሚባል ወጣት መምህር ነበር። ይበልጣል በዚያ ዓመት የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተሰጠው፤ ልጆቹ የሦስተኛ ክፍሉን እንኳ እንደማያውቁ አየ፤ ወደ እሳቸው መጥቶም «ጋሼ፣ ከታች ያሉት መምህራን ሳያስተምሩ ያሳለፉትን እኔ ለምን እጠየቅበታለሁ?» አላቸው። እሳቸውም ትጠየቃለህም አትጠየቅምም ሳይሉ ይህን ነገሩት።

አስተማሪው ሰነፍ አልነበረም። በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰባተኛ ክፍልን ያስተምር ነበር። ዓመታዊ ዕቅዱን በማስመሪያ አስምሮ፣ ምዕራፉን በሳምንት፣ ሳምንቱን በክፍለ ጊዜ ከፋፍሎ ይጽፋል። የጻፈውንም ሁለት ጊዜ ሳያየው አያስረክብም። ጠመኔ የማይጨብጠው ብናኙ ደረቱን ስለሚያፍነው ነው። ስለዚህ የሰዋስው ማስታወሻውን ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ የምትገለብጥለት ተማሪ ነበረችው። በዚያ ትምህርት ቤት ይህ ነውር አልነበረም፤ ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ካለ ሁሉም መምህር ያደርገዋል። እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ ክፍሉ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ እሱ በዴስኮቹ መካከል እየዞረ የትናንቱን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ያርማል።

የልጅቷ እናት ገበያ ላይ በርበሬ የምትቸረችር ሴት ነበረች። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ሰሌዳው በልጅቷ እጅ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደሏ የታተመ ይመስላል፤ መስመሯ አይወላገድም፤ ነጥብ አትረሳም። ጓደኞቿ «ማተሚያ ቤት» ይሏታል። «ማተሚያ ቤት፣ ዛሬ መብራት ጠፋ እንዴ? ቀርፈፍ አልሽብን» ሲሏት ፊቷን ሳታዞር ትስቃለች። ጠመኔው ሹራቧን ነጭ ያደርገዋል፤ እቤቷ እስክትደርስ አታራግፈውም። አስተማሪ የመሆን ሐሳብ ያደረባት ከዚያ ነው።

ለዚያ ግን መጀመሪያ የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ማለፍ ነበረባት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሌላ ከተማ ነው። እዚያ ያለችው አክስቷ «ካለፈች እኔ ጋ ተቀምጣ ትማራለች፤ ከወደቀች ግን እናቷን ታግዝ» ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

አንድ ቀን ልጅቷ እንደ ልማዷ ትጽፋለች። መጽሐፉ አሮጌ ነበር፤ ሻይ ፈስሶበት ሁለት ቅጠሎች ተጣብቀዋል። ሳታውቅ ከአንዱ ገጽ ግርጌ ወደ ሌላ ገጽ ራስጌ ተሻገረች። የፊተኛው ገጽ ስለ አንድ ገበሬ ይተርካል፤ የኋለኛው ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ያስተምራል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገበሬው በሬውን እየነዳ ወደ ገበያ ሲሄድ ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጣል» የሚል ሆነ።

አስተማሪው ቀና ብሎ አነበበው። ሳቁ መጣ። አፉን በእጁ ይዞ ክፍሉ በሳቅ እስኪፈነዳ ጠበቀ።

ሃምሳ ሦስት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። አንዱ ገበሬውን ጨርሶ ወደሚቀጥለው መስመር አልፏል። ሌላው ላጲስ ይዋሳል። የሳቀ አልነበረም። አስተማሪውም እጁን ከአፉ አወረደ።

ልጆቹ ሲወጡ ልጅቷን አስቀራትና ወደ ሰሌዳው አመለከተ።

«እስቲ ይችን መስመር አንብቢልኝ።»

ልጅቷ መስመሯን አየቻት። ከዚያ ጠመኔውን አነሳች። «ልጻፋት መምህር?»

«ጽፈሻታል እኮ። አንብቢያት ነው ያልኩሽ።»

«ጠማማ ሆናብኝ ነው? ላጥፋትና አስተካክዬ ልጻፋት።»

ከመስመሩ ውስጥ አጭሯን ቃል መርጦ ጣቱን ከሥሯ አደረገ። «ተይው ሁሉንም። ይችስ?»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራችለት። አልተሳሳተችም።

«ጎበዝ። ሲገጣጠሙስ ምን ይላሉ?»

ልጅቷ ዞር ብላ በሩን አየች፤ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ስታረጋግጥ ቀስ ብላ «እሱ ላይ ገና አልደረስንም» አለች።

አስተማሪው አሰናበታትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ እዚያ መድረስ የነበረባት በስንተኛ ክፍል እንደሆነ ወደ ኋላ ቆጠረ። ዕቅዱን አውጥቶ ተመለከተ፤ ለዚህ የተተወ ክፍለ ጊዜ አልነበረም። እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አየው።

በዚያው ቀን ወደ ሦስተኛ ክፍል መምህርት ሄዶ የሦስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውሺኝ አላት።

«ምነው፣ ከደረጃ ዝቅ አደረጉህ እንዴ?» አለችው እየሳቀች። ስለ ልጅቷ ሲያነሳባት ግን ፊቷ በራ። «ያቺ? እሷማ ጎበዝ ናት። የኔን ሰሌዳም የያዘችልኝ እሷ እኮ ናት።»

መምህርቷ አልዋሸችም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

አስተማሪው መጽሐፉን ወሰደና ሌላ ዕቅድ አወጣ። ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ መጀመሪያ ከልጅቷ ጋር፣ ኋላም መምጣት ከሚፈልጉት ጋር። ሰኞ ይጀምራል። መጽሐፉን መሳቢያው ውስጥ አኖረው።

ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ ነገረው። ሱፐርቫይዘሩ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ምዕራፍ እንደተሸፈነና ደብተሮቹ መታረማቸውን። አስተማሪው ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እየፈራ ስለ ልጆቹ ተናገረ።

«ወንድሜ» አለው ርእሰ መምህሩ፣ «አንተ ቤቱን የተረከብከው ከጣሪያው ነው። ስለ መሠረቱ የሠራው ይጠየቅ። ሰባተኛን ጨርስልኝ።»

ይህ ለአስተማሪው እውነት መሰለው። ሐሰትም አልነበረበትም። ደግሞም ይጠራጠር ነበር። ልጅቷን ለብቻዋ ባስቀራት ጓደኞቿ ምን ይሏታል? ጠመኔውን ብቀበላት ልቧ አይሰበርም? አንድ ሰው ሃምሳ ሦስት ልጅን ወደ ኋላ መልሶ ይዘልቀዋል? እያንዳንዱን በጥንቃቄ ሲመዝን ሰኞ አለፈ፤ ሳምንቱም ተከተለው።

ያ መስመር የተጻፈበትን ቀን ደብተሮች ግን ማረም ነበረበት። የልጅቷ ደብተር ላይ ሲደርስ ገበሬው እዚያ ነበር፤ በሚያምር ጽሕፈት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጣል። ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ቆየ። ሳይፈርም ቢተወው ሱፐርቫይዘሩ ምክንያቱን ይጠይቃል። ነገ አሰርዛቸዋለሁ ብሎ የትክክል ምልክት አደረገና ፈረመ።

ነገ ሌላ ምዕራፍ ነበር።

ልጅቷ ወደ ስምንተኛ ተዛወረች። በስምንተኛም ሰሌዳውን ያዘች። በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሪ ተፈተነች፤ ወደቀች።

ውጤት በተሰማ በሦስተኛው ቀን እናቷ ወደ አስተማሪው መጣች። የበርበሬ ከረጢት ተሸክማለች። ልጅቷ ከበሩ ውጭ ቆመች። እናቲቱ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተሮች ነበሩ። ልጅቷ አንድም አልጣለችም።

«መምህር፣ እኔ አልተማርኩም» አለች እናቲቱ። «ቀዩ ትክክል ማለት እንደሆነ ግን ልጄ ነግራኛለች። ገጽ በገጽ ገለጥኩት፤ ቀይ የሌለበት ገጽ አጣሁ። እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ፤ ልጄ የሳተችው የቱ ጋ ነው?»

አስተማሪው ገጹን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ደብተሩን እንዳነሳው እጁ እዚያ ላይ ከፈተው። ገበሬውና በሬው አሉ። ከሥራቸው የእሱ ፊርማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይቅርታ መምህር» አለች እናቲቱ ደንግጣ፣ «ከረጢቱ ነው። በርበሬው ነው።»

ያን ጊዜ እንኳ መናገር ይችል ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ናት፤ መጽሐፉ መሳቢያው ውስጥ ነው። እሱ ግን ደብተሩን ዘጋና «ዘንድሮ ፈተናው ከብዶ ነበር» አለ።

«ተመስገን» አለች እናቲቱ። «እኔስ የሷ ስንፍና መስሎኝ ስናገራት ሰነበትኩ።»

ልጅቷ ገብታ ደብተሮቹን በየክፍላቸው ደረደረች፤ ሦስተኛውን ከታች፣ ስምንተኛውን ከላይ። ከረጢቱ ውስጥ መልሳ ከተተቻቸው። እጅ ነስታ ወጣች።

ጋሽ ዘውገ እዚህ ላይ አቆሙ።

«ልጅቷስ?» አለ ይበልጣል። «ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?»

«የበርበሬ ከረጢቶች ላይ የባለቤቱን ስም ትጽፋለች። ጽሕፈቷ ዛሬም ያምራል አሉ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ይህ ጥያቄህ ግን ከፊተኛው ይሻላል ልጄ። በፊተኛው የጠየቅኸኝ ስለ ልጆቹ አልነበረም፤ ስለ ራስህ ነበር።»

ይበልጣል አቀረቀረ።

«የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት አላየችም። የአራተኛውም፣ የአምስተኛውም፣ የስድስተኛውም አላዩም። ባለማየታቸው ይወቀሱ ይሆናል፤ እሱ የነሱ ጉዳይ ነው። ሰባተኛው ግን አየ። ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅባት መጥታ፣ ባወቀላት ሰው እጅ ላይ ወደቀች። አንተም የዘጠነኛ ክፍል ልጆችህ የሦስተኛውን አያውቁም አልከኝ። ማን ነገረህ? ማንም። ራስህ ነህ ያየኸው። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርዱ አይተሃል፤ እየተቀባበሉ ነው የሚሸከሙት። ከተቀበሉት አንዱ ገመዱ ሲላላ ካየ፣ ያሰርኩት እኔ አይደለሁም ብሎ መንገዱን አይቀጥልም። ቁሙ ይላል። መንገዱ ቢረዝምበትም፣ ቢመሽበትም፣ ቁሙ ይላል።»