ብርዱን የረሳ ካፖርት

ባሻ እንግዳሸት ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነበር ይላሉ የቆላ ሽማግሌዎች። ክረምት ከበጋ የሚለብሱት አንዲት ኩታ ነበረቻቸው። ፈትሏን የፈተሉት ሟች ባለቤታቸው ስለሆኑ ከዚያች ኩታ የሚለያቸው አልተገኘም።

ታዲያ የአገሩ ገዥ የፊታውራሪ አጥናፌ የወንድም ልጅ፣ ልጅ ምናሴ፣ ከከተማ ሲመለስ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ለብሶ መጣ። ወር ሳይሞላ የፊታውራሪ ቤት ሰው ሁሉ ካፖርት አሰፋ። ቆላ ነው እንግዲህ፤ ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ የምትውልበት አገር። አንድ ቀን ምናሴ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ ባሻ ለምን እንደ ሰው የዘመኑን ልብስ እንደማይለብሱ በጉባኤ መካከል ጠየቃቸው።

«ልጅ ምናሴ፣ ካፖርቱንስ ይዘህ መጣህ፤ ብርዱን ግን እዚያው ረሳኸው» አሉት።

ምናሴ ተሰደብኩ ብሎ ከሰሳቸው። ዳኛው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከምናሴ አይተው ጠባብ ቦት ጫማ ገዝተው ነበር። እግራቸው አብጦ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጡ ቆዩና ክሱ ተነግሮ ሳያልቅ ባሻ ጥፋተኛ ናቸው ብለው ፈረዱ። ለመነሳት ቸኩለው፣ ይግባኝ የሚሉም ከሆነ ቶሎ እንዲናገሩ አዘዟቸው።

«ይግባኜስ ለእርስዎ ነው። እስካሁን የፈረደው ጫማው ነውና፣ ያውልቁትና እርስዎ ይፍረዱልኝ» አሉ ባሻ።

ዳኛው አወለቁት። እፎይ ብለው ክሱን እንደገና ከሰሙ በኋላ፣ በዚህች ነገር ችሎት አትረግጡ ብለው ሁለቱንም አሰናበቱ።

በሳምንቱ የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ አዲስ ነገር አመጡ። የነጠላቸው ጥለት ስንዝር ሙሉ ነው፤ እታች ሆኖ ማን ያየዋል ብለው ገልብጠው አንገታቸው ላይ አደረጉት። ጥለት እንደዚያ የሚገለበጠው ለሐዘን መሆኑን የማያውቅ የለም። እመቤት ካደረጉት ግን ማን ደፍሮ ይናገር፤ ደንገጡሮቹም አንድ በአንድ ገለበጡ። ባሻ ደህንነት ሊጠይቁ ገብተው ይህን ሲያዩ በሩ ሥር ቁጭ አሉና፣ ወይኔ ጌታዬ እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ወይዘሮ አስካለ ደንግጠው ማን ሞተ ብለው ጠየቋቸው።

«እኔማ እናንተን አይቼ ነው የማለቅሰው፤ ማን እንደሞተ ንገሩኝ እንጂ።»

ፊታውራሪ ይህን ሁሉ ከእልፍኝ ሆነው ይሰሙ ነበር። በቁማቸው ተለቅሶላቸዋልና ክፉኛ ተቆጡ። ለሚካኤል ግብር ካፖርት ያልለበሰ ሰው አዳራሹን እንዳይረግጥ አዋጅ አስነገሩ። ባሻ ከሚስታቸው ሞት ወዲህ የሚያውቁት ማዕድ ያ ብቻ ነበርና በጣም ከፋቸው።

ወዳጆቻቸው እየጎተቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰዷቸው። ሰፊው የሁሉንም ካፖርት የሚቆርጠው በምናሴ ልክ ነው፤ ምናሴ ደግሞ ቁመቱ ዝግባ ነው። ባሻ ሲለብሱት እጅጌው እጃቸውን ዋጠው፣ ጫፉ መሬቱን ጠረገው። ሰፊው ግን የዘንድሮ አለባበስ እንዲህ ነው እያለ ያሞግሳል።

«ልብሱስ ግሩም ነው፤ የለበሰውን ሰው ግን ፈልጉልኝ» ብለው አወለቁትና ሄዱ።

የሚካኤል ዕለት ባሻ ያችኑ ኩታ አጥበው ለብሰው መጡ። አጋፋሪው በሩ ላይ ያዛቸው፤ ግርግሩን የሰሙት ፊታውራሪም ወደ ፊት እንዲያቀርቧቸው አዘዙ። አዳራሹን የሞላው ሰው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ይመለከታል። ፊታውራሪ ከቤታቸው ለዘለዓለም ከማባረራቸው በፊት የሚሉት ካላቸው እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ባሻ ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሰው በጌታው ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ወገባቸው ላይ አደገደጉና እስከ መሬት ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ጌታዬ፣ ካፖርት ለማደግደግ አይመችም። እስቲ አዳራሹን ይመልከቱት፤ ጌታ ያለው የሚመስለው እኔ ብቻ ነኝ።»