ረጅሟ ብሎን

ይመር የባለሱቁን የሐጂ እንድሪስን ላፕቶፕ አቧራ ጠርጎ፣ ፋኑን አጽድቶ፣ አሁን የሆዱን ክዳን እየገጠመ ነበር። የደሴ ኮምፒዩተር ጠጋኞች እርስ በርስ ሲገሣሠጹ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች፤ ከየት መጣች ብሎ ለጠየቀ ሁሉ የሚነገረው የዚህ ክዳን ነገር ነው።

ሥራው ቀላል ነው። የላፕቶፕ ሆድ ረጃጅምም አጫጭርም ብሎኖች አሉት፤ ረጅሙ በማጠፊያው በኩል፣ አጭሩ በእጅ ማሳረፊያው በኩል ይገባል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ የለም። ይመር ደግሞ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የሐጂ ቀኝ እጅ ነው። ሐጂ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ሱቅ ሊከፍቱ ነው፤ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ ግን ትንፍሽ አላሉም። እሳቸው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ላፕቶፓቸውን ይጠብቃሉ። ይመር ቁልፉን ይጠብቃል።

ዓይኑ ግን ክዳኑ ላይ አልነበረም። ፊት ለፊቱ ሌላው የሱቁ ጠጋኝ ሙህዬ ተቀምጧል።

ሙህዬ ሰው ፊት አያይም። ሰላም ሲሉት እንኳ የሚያናግረው ማሽኑን ነው። ፎቶ አንሺዋ መዲና ላፕቶፗን ይዛ ገና ከበሩ ስትገባ፣

«ሙህዬ፣ እንዴት ዋልክ? ደህና ነህ?» አለችው።

«ቻርጀሩስ?»

«አይ አንተ! እኔ ከቻርጀር አንሼ ነው?»

«አይ፣ ቻርጀሩ ከሌለ ምንም አይሠራም።»

«አብሽር፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አለችና እየሳቀች ዘረጋችለት።

የመዲና ላፕቶፕ ፋኑ እየጮኸ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የመጣ ነው። ሙህዬ አብርቶት ጆሮውን ለጠፈበት። ቀጥሎ አሸተተው።

«አልጋ ላይ ታስተኚዋለሽ። ብርድ ልብሱ ያፍነዋል። ቀይ ነው።»

መዲና አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «ውይ! ብርድ ልብሴን ደግሞ ማን አሳየህ?»

 ሙህዬ ክዳኑን ከፍቶ ከፋኑ ሥር ቀይ የሱፍ ክር በወረንጦ እየጎተተ አወጣ። ሲያበራው ያ ሁሉ ጩኸት የለም።

ይመር ይህን ሁሉ ከክዳኑ ላይ ቀና ብሎ አየ። ያን ላፕቶፕ ባለፈው ሳምንት እሱም ከፍቶት ነበር፤ «ፋኑ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ ነው የመለሰው። ‹እኔ ወንበር ስቤ፣ ቤተሰብ ጠይቄ፣ ስቄ እቀበላቸዋለሁ። እነሱ የሚፈልጉት ይህን ሰላምታ የማያውቀውን ነው። ፈጣሪስ ይህን እጅ ለእሱ መስጠቱ ምን አይቶበት ነው?› ይህን እያሰበ ካቻቢቴውን ያዞራል። አንዷ ብሎን እምቢ አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን አውጥቶ ያያት ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ሐጂ ወደ ሙህዬ እያዩ «አይ እጅ!» ሲሉ ሰማ። ጥርሱን ነክሶ ገፋት። ከውስጥ ቆሎ ሲቆረጠም የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

የሐጂን ላፕቶፕ አቃንቶ አበራው። አልበራም። ደገመው። ዝም።

«ምነው ይመር?» አሉ ሐጂ።

ይመር በአገጩ ወደ ሙህዬ ጠቆመ። «ጧት... ሙህዬ ነካክቶት ነበር መሰለኝ።»

መዲና ቀና ብላ አየችው። ሙህዬ ግን መከሰሱም አልገባው። ተነሥቶ መጣና ላፕቶፑን ገልብጦ የብሎኖቹን አናት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አንዷ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ረጅሟ ናት። በአጭሯ ቀዳዳ ገብታ ማዘርቦርዱን ወግታዋለች።» ከዚያ የማያደርገውን አደረገ፤ ይመርን ፊት ለፊት አየው። ክፋት አልነበረበትም፤ የምሩን ማወቅ ፈልጎ ነው። «ስታስራት ምን እያየህ ነበር?»

 መልሱን ሐጂም መዲናም ያውቁታል፤ ሁለቱም የይመር ዓይን የት እንደዋለ ሲያዩ ነበር።

ሐጂ ከኪሳቸው አዲስ ቁልፍ አወጡ።

«ለአንተ ነበር ይዤው የመጣሁት» አሉ። «ሙህዬ እጅ አለው፤ ሰው መቀበል ግን አያውቅም። ሱቅ ደግሞ በሰላምታ ነው የሚከፈተው። እሱ የሌለውን አንተ ይዘህ ነበር፣ ይመር።» ቁልፉንም መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ይመር አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ...» ሊል ጀመረ።

«መጀመሪያ አውጣት» አለው ሙህዬ፣ ከብሎኗ በቀር ምንም ሳይታየው። «ማዘርቦርዱን ነገ አየዋለሁ፤ ይድን ይሆናል።»

ይመር ጎንበስ ብሎ ረጅሟን ብሎን ቀስ አድርጎ ፈታት፤ በማጠፊያው በኩል ካለው ቦታዋ አስገብቶ አሰራት፤ ካቻቢቴውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሐጂ እንድሪስ እጁን እስኪያነሣ ጠበቁና ከወንበሩ እየተነሡ እንዲህ አሉ፦ «ዓይኑ በሰው እጅ፣ ብሎኑ በሰው ደጅ።»