የዙበይር ፍየል

ፈገግታ ሰደቃ ነው ተብለናልና የዛሬ ሰደቃዬ ይህች ወሬ ናት። ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ደጋ በሚወጣው የሲራራ መንገድ ላይ፣ በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ። በሐላል ባገኙት ሀብት መስጂድ ሊያሠሩ ነየቱ። ግድግዳው ቆመ፤ ጣራው ቀረ። ግንበኛው ዙበይር ይባላል፤ በዚያ አካባቢ እሱን የሚያህል ባለሙያ አልነበረም።

በዚህ መሐል ከባሕር ማዶ ጥሪ መጣለት። የዚያ አገር ገዥ ግንበኛ ይፈልጋል፤ ቤት ይሰጣል፣ ደህና ደሞዝ ይከፍላል። ከሁሉም በላይ እዚያ ጉልላት ማቆም የሚያስተምሩ አሉ። የሐጂን መስጂድ ጅምር ጥሎ መሄድ ደግሞ ከበደው። ኢስቲኻራ ሰገደ፤ የሚሻለውን አላህ እንዲመርጥለት ለመነ። ከዚያ እንደ ብዙዎቻችን ህልም ይጠብቅ ጀመር። በህልሙ የመጣችው ግን ፍየል ናት። ጣራ የሌለው ግድግዳ ላይ ቆማ ቁልቁል ታየዋለች።

ህልሙ በማለዳ ገበያ ደረሰ። ሥጋ ሻጩ «ፍየል ከቤት አትርቅም፤ አትሂድ ማለት ነው» አለ። ግመል አከራዩ ደግሞ «ፍየል አጥር ዘላይ ናት፤ ሂድ ነው የምትለው» አለ። ሁሉም እንደሚበጀው ፈታት።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደ ሐጂ ሄዱ። «ሐጂ፣ ልጁ ከቃልዎ አይወጣም። ፍየሏ ጣራውን ጨርስ ስትልህ ነው ይበሉት። እሱ ከሄደ ማን ይጨርስልናል?» አሉ።

ሐጂን ነገሩ ፈተናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መስጂዱን ሳይጨርሱ መሞት ያስፈራቸው ነበር። ልጁን ለማስቀረት አንዲት ቃል ትበቃቸው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሳይነሱ ዙበይር ራሱ መጣ። የሐጂን እጅ ስሞ ህልሙን ነገራቸው።

«ትናንት ማታ ምን በላህ?» አሉት።

«እርስዎ ያወጡት ሰደቃ ላይ ነበርኩ። የፍየል ሥጋ።»

«በደንብ በላህ?»

«ኧረ በደንብ!»

«እንግዲያው ልጄ፣ ያየኸው ራትህን ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ዙበይር ሳቀ፤ ወዲያው ግን ጨነቀው። «ታዲያ ምን ላድርግ ሐጂ?»

«አስቀድመህ ይህን ዕወቅ፤ እኔ እዚህ ነገር ውስጥ ጥቅም አለኝ። ጣራ እፈልጋለሁ፤ ብትቀር ደስ ይለኛል። ስመክርህ ይህን አትርሳ። ደግሞስ ገበያውን ሁሉ፣ ፍየሏን ሳይቀር አማክረሃል። ሉባባን ጠይቀሃታል?»

ሉባባ ሚስቱ ናት። አልጠየቃትም። ተጠርታ መጣች።

«አባቴ፣» አለች ሻሿን እያስተካከለች፣ «ፍየሏ ከኔ ቀድማ መጠየቋን የሰማሁት ገበያ ነው። እኔ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ። ሊጥ ሳቦካ ከሊጤ ቆርሶ ጉልላት የሚሠራ ሰው ነው። እዚህ ቀርቶ ቢከፋው፣ ኩርፊያውን የምችለው እኔ ነኝ።»

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። «በሉ ሂዱ። አላህ ኸይር ያድርግላችሁ። ኢስቲኻራ ዱዓ ነው እንጂ የህልም ቀጠሮ አይደለም» አሏቸው።

ሄዱ። መስጂዱ በሣር ተከደነ። ክረምት ሲገባ ጁምዓ ላይ አፈሰሰ፤ ውሃው የሐጂን ጥምጣም አበሰበሰው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ብለንዎት ነበር» አለ። ሐጂ ጥምጣማቸውን እየጨመቁ፣ «በውሸት ከቆመ ጣራ በእውነት የገባ ዝናብ ይሻላል» አሉት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዙበይር ከሉባባና እዚያ ከተወለዱ ልጆቹ ጋር መጣ። ሊቀር አይደለም፤ አንድ በጋ ሊሠራ ነው። ያንን ግድግዳ አጠንክሮ፣ አገሩ አይቶት የማያውቅ ጉልላት አቆመበት። ሐጂ በሰው ተደግፈው ገቡና ቀና ብለው እያዩ በደስታ አለቀሱ። ለምርቃቱ ፍየል ታረደ። «ቀስ እያላችሁ ብሉ፤ ዛሬ ማታ ደግሞ ማን አገር እንደሚለቅ አይታወቅም» አሉ።

ወገኖቼ፣ ምክር የተጠየቀ ሰው አማና፣ ማለትም አደራ፣ ተሸክሟል። ዛሬም መሐንዲሱም ነርሷም ውጭ አገር ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ ልቅር እያሉ ይመጡብኛል። በቀደም የመጣችው የእናቴን ስኳር የምትከታተለው ሐኪም ናት። «አገርሽን ጥለሽ የት!» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሐጂ ትዝ አሉኝ። ብትቀር ለእናቴ እንደሚበጅ ነገርኳት፣ ባሏን አማክራው እንደሆነም ጠየቅኳት። በመጨረሻም ራቷ ምን እንደነበር ጠየቅኳት። «ሽሮ» አለችኝ። ከሽሮ ህልም አይወጣም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለን በደንብ ተነጋገርን።