ጃርቷና የሰማዩ ወንዝ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳትና ውሃ በአንድ ቋንቋ በሚያወሩበት ዘመን፣ በሰማይ ላይ አንድ ወንዝ ይፈስ ነበር። ዓይን አያየውም። ከሩቅ ባሕር ጠጥቶ ይነሳል፤ በነፋስ ጀርባ ላይ ሆኖ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ከአንዲት ተራራ ይደርሳል። እዚያም እንግዳ ተቀባይ የሆነ ጨፌ ነበር።

«ይግቡ፣ ጌታዬ! አረፍ ይበሉ! በሞቴ!» ይላል ጨፌው።

የሰማዩ ወንዝ ሦስት ጊዜ ሳይለመን አይቀመጥም። በሦስተኛው «በሞቴ» ዝናብ ሆኖ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ጨፌው ውስጥ ይሰነብታል። ከዚያም ወደ መሬት ሰርጎ፣ ከታች ባለችው ምንጭ በኩል በጋውን ሙሉ ይወጣል።

ከምንጯ አጠገብ እመት ጃርት ትኖር ነበር። ልጆቿ አልተኛ ሲሏት ምንጯ እሹሩሩ ትልላቸው ነበር።

አንድ ዓመት እመት ጃርት ድንች አማራት። «ይህ ጨፌ ቢደርቅ ስንት ድንች ይበቅልበት ነበር!» አለችና ውሃውን የሚያፈስ ቦይ ቆፈረች።

አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ አይቷት ሳቀ። «እመት ጃርት፣ ደግሞ ድንች መትከል ጀመርሽ? ሰርቆ መብላት ምን ጎደለው?»

«ሥራ ስላልለመድክ ነው የሚያስቅህ» አለችው።

ጨፌው ደረቀ። ድንቹ በቀለ።

ክረምት መጣ። የሰማዩ ወንዝ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ዘግይቶ፣ አብጦ፣ እያለከለከ ደረሰ። «በሞቴ» የሚለውም አላገኘም። የያዘውን በአንዴ ዘረገፈው፤ ውሃው በቦዩ ሾልኮ ሄደ። በበጋ ምንጯ ቀጠነች።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። ጎርፉ ድንቹን ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። በበጋ ምንጯ በቀን አንዴ ብቻ ጠብ አለች።

ሦስተኛው ክረምት መጣ። ጎርፉ የእመት ጃርትን ጉድጓድ ሞላው፤ ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ አወጣች። በበጋ ምንጯ ዝም አለች።

እመት ጃርት ጆሮዋን ደረቁ ድንጋይ ላይ ለጥፋ ትውል ጀመር። «እህቴ፣ አንዴ ብቻ ጠብ በይ። መጠጣቱ ይቅርብኝ፤ ልስማሽ ብቻ» ትላለች።

ወደ ቦዩ ሄደች። «ምንጬን የት አደረስካት?» አለችው።

ቦዩ ገደል አክሎ ነበር። አፉን ከፍቶ ሳቀ። «እማዬ! ስትወልጂኝ ክንድ አልሞላም ነበር። እስቲ እይኝ፣ አላደግኩም?»

አንገቷን ደፍታ ተራራዋ ጫፍ ወጣች። የሰማዩ ወንዝ ጠብታ ሳይጥል ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ አገኘችው።

«ጌታዬ፣ ምን አደረግንዎት? ድሮ ቀስ ብለው ይመጡልን ነበር።»

«ልጄ፣ የድሮው አመጣጤ እኔንም ይናፍቀኛል። በየአገሩ የሚነደው እሳት ጭሱ ሰማዩን እንደ ጋቢ ሸፈነው፤ ከጋቢው ሥር ምድሩም ባሕሩም ሞቀ። እኔ ደግሞ ሲሞቀኝ ብዙ እጠጣለሁ። ድሮ በዋንጫ ነበር፤ አሁን በገንቦ ሆነ። ሲከብደኝ አንዱ አገር ላይ እዘረግፈዋለሁ፤ ሌላውን በጥም ትቼው አልፋለሁ።»

«እሳቱንስ ማን ያጥፋው?»

«ያነደዱት ያጥፉት፤ አንቺ አላነደድሽውም። ግን ‹አረፍ ይበሉ› የሚለኝን ጨፌ ማን አደረቀው?»

«እኔ ነኝ» አለች። ይህን ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ተመልሳም ከጀርባዋ እሾኋን አንድ በአንድ ትነቅል፣ ቦዩ ውስጥ እንደ አጥር በመደዳ ትተክል ጀመር።

«እማዬ፣ ወጋሽኝ!» አለ ቦዩ።

«ቻለው። እኔንም ስነቅለው እያመመኝ ነው።»

አያ ጅቦ መጣ። «እመት ጃርት፣ ራቁትሽን ቀረሽ እኮ! አሁን ብበላሽስ?»

«ብላኝ። ከበላህ በኋላ ግን ውሃ ከየት ትጠጣለህ?»

የአያ ጅቦ ምላስ በጥም ደርቋል። ጥቂት አሰበና ድንጋይ እያንከባለለ ወደ ቦዩ ያመጣ ጀመር። «ቀልዴን ነው እኮ፤ አንቺ ደግሞ ቀልድ አታውቂም» እያለ አጉረመረመ።

ክረምት ገባ። የሰማዩ ወንዝ ዛሬም አብጦ ደረሰ። ጨፌው ገና ድምፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ እመት ጃርት ራሷ ዝናቡ መሃል ቆማ ጮኸች። «ይግቡ፣ ጌታዬ! በሞቴ! በሞቴ! በሞቴ!»

ግማሹ ውሃ ጥሷት አለፈ። ግማሹን ግን እሾሁ ያዘው፤ እሾሁ ቅጠል ያዘ፣ ቅጠሉ ጭቃ ያዘ፣ ጭቃው ውሃ ያዘ።

በጋ ሲሆን ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጠፈች። ጠብ። ዝም። ጠብ።

በዝምታው ዓመት የተወለደችው ትንሿ ልጇ፣ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት።

«እሹሩሩ ነው፣ ልጄ። መጀመሪያው ብቻ ነው የተመለሰው» አለችና አለቀሰች፤ እሷ ሙሉውን ታውቀዋለችና።

እናንተም ልጆቼ፣ የሩቁን እሳት ያነደዱት ይጠየቁበት፤ በእጃችሁ የቆፈራችሁትን ቦይ ግን በእጃችሁ ድፈኑ። የሄደ እንግዳ የናፈቀው፣ መንገድ መንገድ ከማየቱ በፊት መቀመጫ ያሰናዳ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። እስቲ ውሃ አቀብሉኝ፤ እንዳትደፉት ብቻ።