ውሃ የምታመላልሰው ሠዓሊ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ሁሉ በደረቀበት የበጋ ወራት፣ ቡሊት የምትባል አህያ ለንጉሥ አንበሳ ቤት ውሃ ታመላልስ ነበር። የንጉሡ ግቢ ከተራራው አናት ላይ ነው፤ ያልደረቀችው ምንጭ ደግሞ ከታች ከገደሉ ሥር። ቡሊት ጎህ ሲቀድ ባዶ እንስራዎቿን በግራና በቀኝ አንጠልጥላ ትወርዳለች፤ አስሞልታ ትወጣለች፤ አራግፋ ደግሞ ትወርዳለች። እንዲህ ስትል ጀንበር ትጠልቃለች። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ክፉ አልነበረም። በግቢው ዙሪያ ያለውን ሣር እንድትግጥ ተፈቅዶላታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የንጉሡን ውሃ ቀጂ ደፍሮ የሚነካ አውሬ በአገሩ አልነበረም።

ቡሊት ግን አንድ የልብ ምኞት ነበራት፤ ሥዕል መሣል። ከመንገዱ ዳር ቀዩን አፈር፣ ነጩን ኖራ፣ ጥቁሩን ከሰል ባየች ቁጥር ጭራዋን ይበላታል። አንድ ቀን ጭራዋን ጭቃ ውስጥ ነክራ ድንጋይ ላይ ብታሳርፈው ቆቅ የመሰለ ነገር ወጣላትና ልቧ በደስታ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ግን አልደገመችውም።

«ጊዜ ከየት አባቱ ይመጣል!» ትላለች። «አንድ ሙሉ ቀን ለራሴ ቢኖረኝ አገር ጉድ የሚለው ሥዕል እሠራ ነበር።»

ያ ሙሉ ቀን ግን፣ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ መጥቶ አያውቅም። ምንጯ ዘንድ ውሃውን በቅል እየጨለፈች እንስራ የምትሞላው እመት ጦጢት ነበረች። ምንጯ ቀጭን ስለሆነች እንስራ ቶሎ አይሞላም። እስኪሞላ ድረስ ቡሊት ከገደሉ ጥላ ሥር ጋደም ብላ ጊዜ ማጣቷን ታማርራለች።

ይህን ሮሮዋን አንድ ቀን አያ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ሰማ። መንገድ ላይ ጠብቆም አብሯት መራመድ ጀመረ።

«ቡሊት እኅቴ» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «ያንቺን ነገር ሳስበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥበብ እያለሽ እንስራ ስትሸከሚ ትኖሪያለሽ?»

«ምን ላድርግ አያ ቀበሮ? ሥራዬ ነው።»

«ተይዋ! ነገ ሂጂና ለንጉሡ በቃኝ በዪው። ከወዲያ ማዶ፣ ከጥቁር ገደል ሥር፣ እንደ ብራና የለሰለሰ ነጭ አለት አውቃለሁ። ማንም ዝር አይልበትም። ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ስትሥዪ ትውያለሽ።»

«ብቻዬን?» አለች ቡሊት ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ። «አውሬ ቢመጣብኝስ?»

«ወይ አንቺ! ሠዓሊን ማን ይነካል? አውሬም ቢሆን ጥበብ ይወዳል።»

ቡሊት ያን ሌሊት ነጩ አለት በዓይኗ ላይ ሲሄድባት አደረ።

በማግስቱ ሥራዋን ልትለቅ ቆርጣ ወደ ንጉሡ ግቢ ስትወጣ፣ አያ ጅቦን ከመንገዱ ጥግ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ወትሮ ንጉሡን ስለሚፈራ ሲያያት ፊቱን አዙሮ ያልፍ ነበር። ዛሬ ግን ምራቁ እየተዝረበረበ ፈገግ አለላት።

«እንደምን አደርሽ ቡሊት? መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ወዴት?»

«ወደ ጥቁር ገደል ነዋ! ሥዕል ልትሠሪ አይደል? እኔ እኮ ሥዕል ነፍሴ ነው!»

«ማን ነገረህ?»

«አያ ቀበሮ። ጉበቱ ለእሱ፣ ሌላው…» አለና ደንግጦ አፉን በመዳፉ ያዘ። «ማለቴ… ጉበት የመሰለ ቀለም ይወዳል ለማለት ነው።»

ቡሊት ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ቀዘቀዘች። አያ ጅቦ ግን ነገሩን ያስተካከለ መስሎት ጨመረበት፤ «እባክሽ ከመሄድሽ በፊት ደህና አድርገሽ ጋጪ። ሠዓሊ ሲከሳ ደስ አይልም። በተለይ ታፋው አካባቢ።»

«እሺ አያ ጅቦ፣ እንዳልከኝ አደርጋለሁ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከግቢው ስትደርስ ስለ መልቀቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ውሃውን አራግፋ ተመልሳ ወረደች። ነፍሷን ማትረፏን አውቃለች፤ ልቧ ግን ከበዳት። ጅቡን ብታመልጠውም ያው ጊዜ የላትም፤ ሥዕሉም ያው ምኞት ሆኖ ሊቀር ነው።

«ምነው ዛሬ ማማረሩን ተውሽ? ጤናም የለሽ?» አለቻት እመት ጦጢት ቅሏን ምንጯ ውስጥ እየነከረች።

ቡሊት የሆነውን ሁሉ አጫወተቻት። «የቀበሮ ተንኮል ጠፍቶኝ አይደለም ያመንኩት» አለች በመጨረሻ። «ሙሉ ቀን የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ስለ መሰለኝ ነው።»

ጦጢት ሥራዋን ሳታቋርጥ ጠየቀቻት፤ «ይችን እንስራ እስክሞላ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቂኝም፤ ታማርሪያለሽ። ጆሮዬን አደነቆርሽው እኮ! እስቲ ዞር በዪና ጀርባሽን አስደግፈሽ የምትተኚበትን አለት እዪው።»

ቡሊት ዞር አለች። የገደሉ ግድግዳ ከጥንት ጀምሮ ውሃ እየወረደበት ልስልስ ብሎ ቆሟል። ቀዩ አፈርም ከእግሩ ሥር ነው። ስንት ጊዜ ተጋድማበታለች፤ አንድም ቀን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ጭራዋን ቀይ ጭቃ ውስጥ ነከረች። እንስራው ሞላ ሲባል የቆቅ እግሮች ብቻ ጨርሳ ነበር። «ይኸው! መቼ ሠርቼ ልጨርሰው ነው?» አለችና ተናዳ ሄደች። ዳገቱን ስትወጣ ግን ስለ ክንፎቹ ማሰብ ጀመረች። ወዲያው አንዲት ቆቅ ከመንገዱ ተነሥታ በረረች፤ ቡሊትም ቆማ ክንፏ እንዴት እንደሚታጠፍ ልብ ብላ አየች። ያን ቀን ዳገቱ ሳይታወቃት አለቀ። በሚቀጥለው ምልልስ ክንፎቹን ሣለች።

ከዚያ በኋላ እንስራው እስኪሞላ ያለው ጊዜ የእሷ ሆነ። አንዳንድ ቀን ድካሙ ስለሚበረታባት ምንም ሳትሥል ጋደም ብላ ትመለሳለች፤ ጦጢትም አንዳች አትላትም። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሣለችውን ራሷ አጥፍታ እንደገና ትጀምረዋለች። ከቆቋ ቀጥሎ ኤሊ መጣች፤ ከኤሊዋ ቀጥሎ እመት ጦጢት ከነቅሏ። በመጨረሻ ቡሊት እንስራ ተሸክማ የቆመች አህያ፣ ራሷን አክላ፣ ሣለች።

አያ ጅቦ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጥቁር ገደል ሥር አፉን ከፍቶ ሲጠብቃት ሰንብቷል። ረኀቡ ሲብስበት ንጉሡን መፍራቱንም ረስቶ አንድ ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ወደ ምንጯ ወረደ። አህያዋ ከግድግዳው ሥር ሳትንቀሳቀስ ቆማ አያት። አልጠየቀም፣ አላሸተተም፤ ዘለለና ታፋዋ ላይ ጥርሱን አሳረፈ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን አለት ነከሰ።

«ዋይ ጥርሴን! ዋይ መንጋጋዬን!»

እውነተኛዋ ቡሊት ከአለቱ ማዶ ተንበርክካ፣ ጦጢት እንስራዋን እያሰረችላት ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ብድግ አለች። የዱር እንስሳትም ከየጎሬያቸው ወጥተው ከበቡ፤ ንጉሥ አንበሳ ራሱ ጎፈሩን እየነሰነሰ ከተራራው ወረደ።

«ውሃ ቀጂዬን ልትበላ ነው የመጣኸው?» ብሎ አጓራ።

«ኧረ እኔ አልበላኋትም ጌታዬ! ሥዕሏን ነው!» አለ አያ ጅቦ ደም እየተፋ። «አያ ቀበሮ ነው ጉድ የሠራኝ! ሥዕል ጉበት እንደሌለው አልነገረኝም!»

ከመንጋው ኋላ ቆሞ የነበረው ቀበሮ ጭራውን ቆልፎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ጅቡም መንጋጋውን ይዞ እየተንገዳገደ ተከተለው።

አሁን ንጉሡ ወደ ግድግዳው ዞረ። ረጅም ጊዜ አየው። ቡሊት አንገቷን ደፋች። በንጉሥ ሥራ ላይ ስትጫወት የተያዘች መሰላት።

«ውሃዬ ጎድሎ ያውቃል?» አለ ንጉሡ።

«አንዲት ጠብታ አልጎደለም ጌታዬ» አለች እመት ጦጢት ፈጥና። «የምትሥለው እኔ እስክቀዳ ነው።»

ንጉሡ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ደግሞ ቃኘና ፊቱን አጨማደደ። «እኔስ የታለሁ?»

ቡሊት ቀና አለች። «ደፍሬ አልሣልኩዎትም ጌታዬ። ደግሞ ጎፈርዎ ሰፊ ነው። እንስራ እስኪሞላ ባለው ጊዜ አይደረስበትም።»

«እውነት ነው፣ ሰፊ ነው» አለ ንጉሡ ደስ ብሎት። «እንግዲያው ምን ያህል ጊዜ ትፈልጊያለሽ?»

እመት ጦጢት ጎኗን ጎሸም አድርጋ «ሙሉውን ጠይቂ!» አለቻት በሹክሹክታ። ቡሊት አሰበች። የግቢው ሣር ትዝ አላት፤ ዳገቱም፣ በዳገቱ ላይ የምታያቸው ወፎችም። እነሱን መተው አልፈለገችም።

«በየሳምንቱ አንድ ጠዋት ቢሰጠኝ ይበቃኛል ጌታዬ። በቀረው ቀን ውሃዎን አመላልሳለሁ።»

«ተሰጥቶሻል!» አለ ንጉሡ።

እንግዲህ በየሳምንቱ በዚያች ጠዋት ቡሊት ያለ እንስራ፣ ጀርባዋ ቀሏት፣ እያፏጨች ወደ ምንጯ ትወርዳለች። ንጉሡም አልፎ አልፎ መጥቶ የራሱን ሥዕል ራቅ ብሎ ያየዋል።

«ከግራ በኩል ገና ትንሽ የሚቀረው አይመስልሽም?» ይላል ጎፈሩን እየነቀነቀ።

«ይቀረዋል ጌታዬ» ትላለች ቡሊት ጭራዋን ቀለም ውስጥ እየነከረች። «ብዙ ይቀረዋል።»

ከዚህ የምንማረው፣ ልባችን የወደደውን ጥበብ ለመሥራት ሙሉ ቀን እስኪሰጠን ስናማርር ከመኖር ይልቅ፣ የዕለት ሥራችንን ሳንጥል በእጃችን ካለችው ትንሽ ጊዜ መጀመር እንደሚሻል ነው።