ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው የሚተኙት አህዮች

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከሰማይ ወርዶ ምድር ላይ የሚተኛበት ሜዳ ነበር። እናንተዬ፣ የዚያ አገር ጉም የሌላ አገር ጉም እንዳይመስላችሁ! ከማለዳ እስከ ረፋድ ድረስ ሣሩንም ወንዙንም ዋጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ የገዛ ሰኮናን ማየት እንኳ ያቅታል። በዚህ ሜዳ አህዮች ይኖሩ ነበር። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የአንበሳ ጫካ ነበር።

አህዮቹ ድሮ የአንበሳው ነበሩ። ያደነውን ይሸከሙለታል፤ አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ደግሞ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ይበላል። ታዲያ አንድ የክረምት ማለዳ፣ አለቃ ቦራ የሚባል ጠብደል አህያ «በቃን!» ብሎ አናፋ። ሁሉም ግር ብለው ተከትለውት ወንዙን ተሻገሩ። አንበሳውማ ጎፈሩ ከረሰ ክብሩ የሚቀንስ ስለሚመስለው፣ ማዶ ቆሞ ሲያገሳ ቀረ። እንዲህ ሆነው ነጻ ወጡ።

ነጻ ወጥተውስ? ምን ዋጋ አለው! አለቃ ቦራ በምንጩ ዳር ያለውን ለምለም ሣር «የአለቃ ነው» ብሎ ለብቻው ያዘው። ጅቡ ደግሞ ጎፈር ስለሌለው ወንዝ አይፈራም፤ ጉሙን ተገን አድርጎ እየመጣ አንድ አንድ ይወስድባቸው ጀመር። ይህም ሳያንስ ያ የድሮ ልማዳቸው አልለቀቃቸውም። አንበሳው የሚበላውን በመልኩ ይመርጥ ስለነበር፣ ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ ዋሻ አዙረው፣ በረድፍ በረድፍ እንዲተኙ አዝዞ ነበር። ይኸው ዛሬም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ይተኛሉ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከአህዮቹ ሁሉ ያንን ጫካ አብጥራ የምታውቀው፣ እዚያ ተወልዳ ያደገች እመት ቡሊት የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። እመት ቡሊት ጉም በወረደ ቁጥር የአጋም አበባ ይሸታታል። ሣሩ ሆዷን ሲነካት፣ ቅጠሉ ላይ ያደረ ጠል ጆሮዋ ላይ ሲንጠባጠብ ይታያታል። ናፍቆቷን ለማንም አትናገርም፤ ታፍርበታለች። ደግሞም ልቧን የሚያሳርፍ ጊዜ አልነበራትም። ልጇ ዳለቻ የመጀመሪያ ውርንጭላዋን ባለፈው ጥቅምት ጅቡ ወስዶባት፣ አሁን ሌላ አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር።

በዚህ መሃል አያ ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«እንደምን ከረማችሁ፣ ዘመዶቼ! ጌታው ልከውኝ ነው። አልተቀየምኩም ብለዋል። ጫካው ያው ጫካችሁ ነው፣ ተመለሱና እንደ ድሯችን እንሁን ብለዋል። እሳቸው ባሉበት ጅብ ዝር አይልም!»

«በየወሩ የሚበሉትስ?» አለች እመት ቡሊት።

«አይ እትዬ ቡሊት! እሷማ ትንሽ ልማድ ናት። ስለ ልማድ በሩቅ አይወራም፤ ስንገናኝ የሚያልቅ ነገር ነው» አለና ጉሮሮውን ጠራረገ።

አህዮቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «እንሂድ! የአለቃ ቦራን ሣር ከሩቅ እያየን ከምናዛጋ የጌታውን ሣር ብንበላ ይሻለናል!» አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «እናቶቻችንን የበላ ደጃፍ ድረስ በእግራችን ልንሄድ?» አሉ።

አለቃ ቦራ ደረቱን ነፍቶ፣ «ነጻ ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ!» ብሎ አናፋ።

«ልክ ነህ፣ ያወጣኸን አንተ ነህ። ከሣሩ ያስወጣኸንም አንተው ነህ» አሉት አንዳንዶቹ ከወዲያ በኩል፤ ሳቁ ሜዳውን ሞላው። አለቃ ቦራ ጆሮውን ጣል አደረገ።

ሲጨቃጨቁ ውለው በመጨረሻ ነገሩን እመት ቡሊት ላይ ጣሉት። «እማማ፣ እርስዎ እዚያ ተወልደው አድገዋል። ሄደው አይተው ይምጡ። ሂዱ ካሉን እንሄዳለን፣ ቅሩ ካሉን እንቀራለን» አሏት።

ልትነሳ ስትል ዳለቻ ቀስ ብላ ተጠጋቻት። «እማዬ፣ እኔን ሣሩ አይደለም የቸገረኝ። ይሄ የሆዴ ልጅ በየትኛው ማዶ ነው የሚያድግልኝ? እሱን ብቻ እይልኝ» አለቻት። የእመት ቡሊት ሆድ ባባ። ቀበሮውን ተከትላ ወደ ወንዙ ወረደች።

ወንዙን የተሻገሩት በጉም ውስጥ ነው። ውሃው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከእግሯ ሥር ያንሾካሽካል። እመት ቡሊት በእንቅልፍ ልቧ የምትራመድ መሰላት። ከወዲያኛው ዳር ስትወጣ የመጀመሪያው ሣር ሆዷን ነካት። ቆመች። የአጋም አበባው ሽታ መጣ፤ ያው ራሱ ሽታ! ከእናቷ በቀር ሁሉም በቦታው ነበር። የምትጠጣበት ኩሬ፣ የምትታከክበት የዋንዛ ግንድ፣ ግንዱ ላይ የተላጠው ቅርፊት ሳይቀር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወይኔ አገሬ!» አለች። እውነቷን ነው፤ የተወለዱበት ቦታ ለማንም ቢሆን አንጀት ይበላል።

አንበሳው ዋሻው ደጃፍ ተጋድሟል። ጎፈሩ ሳስቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ቡሊት! አንቺ የዚያች የጥቁሯ ልጅ አይደለሽም?» አለ።

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እናትሽን አስታውሳታለሁ። ጥሩ አህያ ነበረች። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ጫካው ጭር ብሎብኛል። ማን ያናፋል? ማን ጠዋት ጠዋት ፊቱን ያሳየኛል? ልጆቼ ናችሁ እኮ!» ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አዘለ። ውሸቱን አልነበረም። እመት ቡሊትም አዘነችለት።

«ጅቡስ፣ ጌታዬ?»

«እኔ ባለሁበት ጅብ? እንዴት ደፍሮ!»

«አዲስ ጨረቃ ስትወጣ የነበረውስ?»

«እሱ እንደነበረው ነው» አለ አንበሳው፣ እየተገረመ። «ከጅብ የምጠብቃችሁ እኔ ነኝ። ከእኔ ደግሞ ማን ይጠብቃችኋል? ጠባቂ ይበላል፤ ምኑ ነው የሚያስጠይቀው? በይ አሁን ደክሞሻል፣ እዚያ ጋ እረፊ። ጉሙ ሲገፈፍ እናወራለን።»

እመት ቡሊት ሣሩ ላይ ጋደም አለች። ገና ጎኗ መሬት ሳይነካ አንገቷ ራሱ ዞሮ ፊቷ ከዋሻው ጋር ተፋጠጠ። ማንም «ዙሪ» አላላትም። ደነገጠች። ልትመልሰው ብትሞክር አንገቷ እምቢ አላት። «ኧረ ምን ነካኝ?» አለች በሆዷ።

ወዲያው አንበሳው ማንኮራፋት ጀመረ። ይህን ጊዜ ከቁጥቋጦው ውስጥ አያ ጅቦ ሆዱን እየጎተተ ወጣ። ፈርቶ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሆዱ ከፍርሃቱ ይበልጥበታል።

«እመት ቡሊት! ስለ ፈጣሪ ብለሽ እንዳትመለሱ!» አለ እያንሾካሾከ።

ቀበሮው ዘሎ ተነሳ። «ዝም በል አንተ ደደብ! ማን ጠራህ?»

«አንተ ዝም በል! ከጌታው ፍርፋሪ ቃል የተገባልህ አንተ ነህ፤ እኔ ምን እበላለሁ?» አለና ወደ እመት ቡሊት ዞረ። «እዚህ ከመጣችሁ እሱ ብቻውን ይበላችኋል። እዚያ ማዶ ስትሆኑ ግን ለእኔ እንዴት ይመቸኛል መሰለሽ! ሁላችሁም በረድፍ ፊታችሁን ወደዚህ አድርጋችሁ ትተኛላችሁ። እኔ የማልችለው ያንን የኋላ እግራችሁን ነው። አንዴ መንጋጋዬን ብትሉኝ አለቀልኝ! እናንተ ግን እግራችሁን ሁሉ ወደ ባዶ ሜዳ ታዞሩና አንገታችሁን በመጣሁበት በኩል ደርድራችሁ ትጠብቁኛላችሁ። ቸር ናችሁ! እንዲሁ ኑሩልኝ፣ ምንም ነገር እንዳትቀይሩ!»

ቀበሮው በሁለት መዳፉ ራሱን ያዘ። እመት ቡሊት ግን ጅቡን ትክ ብላ አየችው። ያ ያለፈው ጥቅምት የተወሰደው ውርንጭላ ዓይኗ ላይ መጣ። ከእናቱ ጎን፣ ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ ተኝቶ ነበር። እንዲያ እንዲተኛ ያስተማረችው ራሷ እመት ቡሊት ነበረች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ» አለችና ተነሳች። ለአንበሳው ደህና ሁን ሳትል፣ ኋላዋን ሳታይ ወንዙን ተሻገረች።

አህዮቹ በጉሙ ውስጥ ቆመው ሲጠብቋት ከሩቅ ጆሮዎቻቸው ብቻ ይታዩ ነበር።

«እማማ፣ ሣሩ እውነት ሆድ ይነካል?» አሉ ወጣቶቹ።

«ይነካል። አልዋሻችሁም፣ አልቅሼያለሁ። የአጋሙን ሽታ ብታሸቱት እናንተም ታለቅሱ ነበር።»

«እንግዲያ እንሂዳ!»

«በላተኛውም እንደነበረ ነው፤ እሱም አልዋሸኝም። ነገር ግን መሄድና መቅረቱን ለነገ አቆዩትና አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬ ስትተኙ ዙሩ።»

«ወዴት ነው የምንዞረው?»

«እርስ በርስ። ክብ ሥሩ። ፊታችሁ ወደ ውስጥ፣ የኋላ እግራችሁ ወደ ውጭ ይሁን። ዳለቻ መሃል ትግባ።»

እንዲህ በቀላሉ የሆነ እንዳይመስላችሁ! አንዱ ሲዞር ሌላው ይመለሳል፤ ተኝተው እንኳ አንገታቸው እየሾለከ ወደ ጫካው ይሄዳል። ከሁሉ ያስቸገረው አለቃ ቦራ ነው። «የእኔ ቦታ ከፊት ነው!» ብሎ ክቡን እየዞረ ከፊት የሚባለውን ፈለገ። ዞረ፣ ዞረ፤ አጣው።

«ክብ ፊት የለውም፣ አለቃ» አለችው እመት ቡሊት። «ያገኘኸው ክፍት ቦታ ግባና እንደማንኛችንም ቂጥህን ወደ ውጭ አዙር። ደግሞ ጉልበትህ የበረታ ነው፤ አንተ ከሌለህ ክፍተት ይቀራል።»

አለቃ ቦራ አፈር አለ። ግን ገባ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤቱን ፊት ከቅርብ አየው፤ ከስቷል። አለቃ ቦራ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

በማግስቱ ማለዳ ጉሙ ሲወርድ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ፣ በለመደው መንገድ፣ አንገት ወደሚደረደርበት ቦታ መጣ። በጉሙ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተጠጋ። ያገኘው አንገት አልነበረም። የአለቃ ቦራ ሁለት ሰኮና ባንድ ጊዜ መንጋጋው ላይ አረፈ። «ኧረ ቀይረውታል! ምንም አትቀይሩ ብዬ ለምኜያቸው!» እያለ፣ ጥርሱን ሣሩ ላይ ጥሎ፣ እግሬ አውጪኝ አለ።

በዚያው ማለዳ፣ በክቡ መሃል፣ ዳለቻ ወለደች። ጉሙ ነጭ ስለነበር ውርንጭላዋ ከየት እንደመጣች እንኳ አልታወቀም፤ ብቻ አንድ እርጥብ ጆሮ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላው። ስትነሳ ወደቀች፣ ደግሞ ተነሳች። በዙሪያዋ ያየችው ሁሉ ፊት ነበር፤ ሁሉም እሷን የሚያይ። እመት ቡሊት አለቀሰች። ከጀርባዋ ነፋሱ የአጋሙን ሽታ ይዞ ሲመጣ አንገቷ ሊዞር ቃጣት፤ ናፍቆቷ አልሞተም፣ የሚሞትም አይመስልም። ግን አልዞረችም። የልጅ ልጇን ማየት በልጦባት ነበር።

ረፋድ ላይ አያ ቀበሮ መልስ ሊቀበል መጣ። መልእክቱን የሚነግረው ፊት ፈለገ። በዚህ በኩል ቢመጣ ጭራ፣ በዚያ በኩል ቢመጣ ጭራ። ሦስት ጊዜ ዞረ። አንዳንዱ ጭራ ዝንብ ያባርር ነበር፤ የዞረለት ግን አንድም አልነበረም።

«ኧረ ዘመዶቼ! ለጌታው ምን ልበላቸው?» ብሎ ጮኸ።

ከክቡ ውስጥ የእመት ቡሊት ድምፅ ብቻ መጣ። «ሰላም በልልን። አገሩም ሽታውም ይናፍቀኛል፣ አልክድም፤ ግን ልጅ ተኝታብናለች፣ መዞር አንችልም በልልን።»

ከዚህ የምንማረው፣ ነጻነታችን ሲከብደንና ጠባቂ ስናጣ ወደ ቀድሞው ጌታ ከመመለሳችን በፊት፣ ፊታችንን ከእሱ ደጃፍ መልሰን እርስ በርስ ተያይተን ለመቆም ከልባችን ሞክረን እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ እንዳለብን ነው።